ወንበሮቹ የተሳፈሩባት ወይዘሮ

ሕልም የሚታየው በሌሊት ብቻ ነው ያለው ማን ነው? ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ሕልም ያየችው ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ፊቷን እየለበለበቻት፣ ቁጭ ባለችበት፣ ያውም አውሮፕላን ውስጥ። ሕልሙ የሚገባችሁ ግን መጀመሪያ ምን ያህል ተጨንቃ እንደተሳፈረች ስታውቁ ነውና እሱን ላስቀድም።

ደብሪቱ አዳማ ውስጥ የሙሽራ ልብስ ትሰፋለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ዘለግና ደልደል ያለች ሴት ናት፤ በር ላይ ስትቆም ቤቱ ትንሽ ጨለም ይላል። በሥራዋ አንድ ልማድ አላት። የደንበኛዋን ወገብ ስትለካ ቁጥሩን ጮክ ብላ አትናገርም። ሜትሩን ታያለች፣ "እሰይ" ትላለች፣ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ ስትሰፋም ሁለት ሳንቲ ሜትር ትጨምርበታለች። የከተማው ወፍራም ሴት ሁሉ እሷ ዘንድ የሚመጣው ለዚህ ነው። ለራሷ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ ኖሯት አያውቅም።

ልጇ መቅደላዊት ሥራ አግኝታ ኪጋሊ ከገባች አራት ዓመቷ ነው። ያገባችውም እዚያው ነው። ቬሎዋን የሰፋችላት ደብሪቱ ናት፤ ሰርጉ ላይ ግን አልተገኘችም። ለሰው ሁሉ "ደም ግፊቴ ተነሥቶብኝ ሐኪም ከለከለኝ" ብላለች። ውሸቷን ነው። ያስቀራት ደም ግፊት ሳይሆን ወንበር ነው።

ነገሩን የጀመረችው የባሏ እኅት አሰለፈች ናት። አሰለፈች አንድ ጊዜ ዱባይ ደርሳ ከመጣች ወዲህ ስለ አውሮፕላን የማታውቀው ነገር የለም።

"ደብሬ፣ እኔ ልንገርሽ" አለቻት ያኔ። "የኢኮኖሚው ወንበር አርባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። በእጄ ነው የለካሁት።"

"አርባ ሦስት?"

"አርባ ሦስት! የክርን ማሳረፊያው ደግሞ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ቀበቶው አልዘጋ ያለውን ሰው ሕዝብ እያየው ያወርዱታል። ሁለት ትኬት ይዘህ ና ነው የሚሉት። አንድ ሰውዬ እያለቀሰ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ያ ሰውዬ ይኑር አይኑር እግዜር ይወቅ። ደብሪቱ ግን አሰለፈች እንደወጣች የሱቋን በር መለስ አደረገች፤ ሜትሯን አወጣች፤ ራሷን ለካች። ከዚያም የሙሽሮች ሚዜ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ሜትሩን ስትጠቀልልና ስትፈታ ዋለች። ሰርጉን በስልክ በተላከላት ቪዲዮ አየችው፤ የሰፋችው ቬሎ ልጇ ላይ እንዴት እንዳማረ በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ነው ያወቀችው። ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ ማንም አላየባትም።

አሁን የመጣው ግን ሰርግ አይደለም። መቅደላዊት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት።

"እማ፣ ማን ነው ገንፎ የሚያገነፋልኝ?" አለቻት በስልክ። "ልጁን እንዴት እንደሚያጥቡት እንኳ አላውቅም። ካልመጣሽ እኔ ምን እሆናለሁ?"

"እመጣለሁ" አለች ደብሪቱ። አለች እንጂ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ከሰርጉ መቅረት አንድ ነገር ነው። ከዚህ ብትቀር ግን ልጇ ይቅር ብትላት እንኳ እሷ ራሷን ይቅር የምትል አልመሰላትም።

እናም ተሳፈረች። ወንበሩ ግራና ቀኝ ዳሌዋን ጨብጦ ያዛት እንጂ ተቀመጠችበት። በመስኮቱ በኩል ጎረቤቷ አቶ ድልነሳው የሚባሉ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ መቃ የሚያህሉ ሽማግሌ ነበሩ።

"ዘርጋ ብለው ይቀመጡ እንጂ፣ እኔ እንደሆንኩ ቦታ አልፈጅም" አሏት በትሕትና።

"ኧረ ተመችቶኛል፣ አባቴ" አለች። አልተመቻትም። ሁለት ክርኖቿን ደረቷ ላይ ሰብስባ፣ እስትንፋሷን እየቆጠበች ነበር። አዳማ ሚኒባስ ላይ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሰው ሲጫን "ጠጋ ጠጋ" ተባብሎ ይታለፋል፤ ማንም ማንንም አይለካም። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ድርሻው ተሰፍሮ ተሰጥቶታል፤ ከድርሻው የሚያልፍ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ መሰላት።

ከዚያ ቀበቶውን ሳበች። አልደረሰም። ሆዷን ወደ ውስጥ አስገብታ እንደገና ሞከረች። አልደረሰም፤ አንድ ስንዝር ያህል ጎደለ። ቀና ስትል ሆስተሷ የሰዉን ወገብ እያየች ከፊት ትመጣለች። ደብሪቱ ሁለቱን ጫፎች ጭኗ ላይ አጋድማ ነጠላዋን አለበሰቻቸው። ሆስተሷ ነጠላዋን አየት አድርጋ ፈገግ ብላ አለፈች።

ካፒቴኑ ለመነሣት ተራ እየጠበቁ መሆናቸውን ተናገረ። ደብሪቱ የተኛ ሰው አይነካም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሦስት ቀን ሙሉ ያልተኛች ሴት ናትና የማስመሰል እንቅልፍ የእውነት ሆኖ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ እንደገና የአውሮፕላኑ በር ላይ ቆማለች። ካፒቴኑ ኮፍያውን አውልቆ በብብቱ ይዞ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ይለምናል።

"እናቴ፣ መንገዱን ያውቁታል?"

"የቱን መንገድ?"

"የሰማዩን ነዋ። እኔ የማውቀው እስከ ሞጆ ድረስ ብቻ ነው።"

"እስከ ሞጆ ሂድና ከዚያ ሰው ጠይቅ" አለችው። መዳፉ ላይ ጻፈውና ከልቡ አመሰገናት።

ውስጥ ስትገባ ሆስተሶቹ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ተሳፋሪው ጋሪ እየገፋ "ሻይ ነው ቡና?" ይላቸዋል። ከረባት ያሰረ አንድ ትልቅ ሰው ሻዩን ስላፈሰሰ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል። ሻንጣዎች በእግራቸው እየገቡ ባለቤቶቻቸውን አጣጥፈው ከላይ ባለው መደርደሪያ ይከታሉ። አንድ ቀይ ሻንጣ ባለቤቱ አልገባለት ብሎ በጉልበቱ ይጫነዋል።

"ምን ብለህ ነው ይሄን ሁሉ ሰው ይዘህ የመጣኸው?" አለው ሌላ ሻንጣ።

"ለአንድ ሳምንት ነው የምሄደው፤ ምናልባት ካስፈለገኝ ብዬ ነው" አለ ቀዩ ሻንጣ አፍሮ።

ደብሪቱ ይህ ሁሉ ምንም አልገረማትም። የገረማት መተላለፊያው መሀል ያየችው ሰልፍ ነው። ሰባት የይዞታ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ፋይል አቅፈው ተሰልፈዋል፤ የተሰለፉትም ለእሷ ነው። የፊተኛው ላቡን እየጠረገ ጎንበስ አለ።

"እትዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የቆምነው። ዛሬ ያስተናግዱናል?"

"ነገ ተመለሱ" አለች ደብሪቱ። ለምን እንዳለችው አታውቅም፤ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ብቻ ነው።

"አምናም ነገ ብለው ነው የመለሱን" አለ ሰውዬው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

አሳዘናትና ፋይሉን ተቀበለችው። ማኅተም ያረፈበት የይዞታ ካርታ ነው፤ ስሟም ተጽፎበታል። "ባለይዞታ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ። የይዞታው ዓይነት፣ አየር። አዋሳኝ፣ በሰሜን የፊተኛው ወንበር ጀርባ፤ በደቡብ የኋለኛው ሰው ጉልበት፤ በምሥራቅ የአቶ ድልነሳው ክርን፤ በምዕራብ የሻይ ጋሪ። ስፋት፣ የሚበቃትን ያህል።"

"የሚበቃትን ያህል" የምትለዋን ደጋግማ አነበበቻት። እንዲህ ያለ ነገር በማኅተም ተጽፎ አይታ አታውቅም።

"ይሄ ነገር በኋላ ይሻር ይሆን?" ብላ ጠየቀች።

"እርስዎ ካልከሱ አይሻርም" አላት ሠራተኛው። ሰባቱም እጅ ነሥተው እያመሰገኑ በመስኮት ወጡ።

ካርታውን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወንበሯን ፍለጋ ወደ ኋላ ዘለቀች። ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ወንበሮቹ አዩዋት። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከግራ እስከ ቀኝ፣ ሁሉም ብድግ አሉላት።

"ኖር!" አሉ በአንድ ድምፅ።

አሁን ደብሪቱ ምን ትበል? ለቅሶ ቤት ስትገባ የምትለውን፣ ዕድር ስብሰባ ላይ የምትለውን፣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትለው የኖረችውን አለች።

"በእግዜር! ኧረ በሞቴ ተቀመጡ! እኔን ብላችሁ!"

ወንበሮቹ ተያዩ። "በሞቴ ካሉማ" አሉና ተቀመጡ። የተቀመጡት ግን ተሳፋሪው ላይ ነው።

አንድ መቶ ስልሳ ወንበር አንድ መቶ ስልሳ ሰው ጭን ላይ ተንሰራፋ። "ወይኔ እግሬን!" የሚለው ጩኸት አውሮፕላኑን ሞላው። "ማን ነው ተቀመጡ ያላቸው?" አለ አንዱ ከሥር። "ይቺ ሴትዮ ናት! ጨዋ ነኝ ብላ አስጨረሰችን!" አለ ሌላው። ደብሪቱ የምትገባበት አጣች። ወንበሮቹ ግን ሰው ላይ መቀመጥን አንዴ ከቀመሱት በኋላ የሚተዉት አልሆኑም። አቶ ድልነሳው ላይ የተቀመጠው ወንበር ወዲያና ወዲህ ይቁነጠነጣል።

"ይሄ ሰውዬ አጥንቱ ይወጋል" ብሎ አማረረ።

"ወደ ኋላ አይዘረጋም?" አለው የጎኑ ወንበር።

"ቆይ ልየው።" ወንበሩ የአቶ ድልነሳውን ግንባር ገፋ አደረገው። ሽማግሌው ሲጥ ብለው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሙ። "አይዘረጋም፤ ተበላሽቷል።"

"እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ!" ብለው ጮኹ አቶ ድልነሳው።

"ያወራል ደግሞ? እኔ እኮ ዝምተኛ ነበር ያዘዝኩት!"

ከፊት መጋረጃው ተገለጠና አሰለፈች ብቅ አለች። የሆስተስ ልብስ ለብሳለች፤ አንገቷ ላይ የደብሪቱን ሜትር አንጠልጥላለች፤ እጇ ላይ ማይክራፎን ይዛለች።

"ክቡራትና ክቡራን ወንበሮች" አለች ድምፅዋን አሳምራ፣ "ስለ ጭኑ ጥበት ይቅርታ እንጠይቃለን። የዘንድሮ ሰው ቀጭን ነው፤ ጂም ይሠራል። አሁን ግን አንድ እንግዳ ገብታልናለች።"

ደብሪቱ ምን እንደሚከተል ገባት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንንም ቁጥር ጮክ ብላ ያልተናገረች ሴት አሁን የራሷ ቁጥር በማይክራፎን ሊነበብ ነው። "አሰለፈች፣ በማርያም ይዤሻለሁ! ቀስ ብለሽ ለራሴ ብቻ ንገሪኝ!" ብላ ለመነች። አሰለፈች እንኳን ልትሰማት ሜትሩን አዙራ ጨርሳለች።

"ዳሌ!" አለች። "አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት!"

ደብሪቱ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ከኋላ በኩል ግን ስፖንጁ የወጣ አንድ ያረጀ ወንበር ድንገት እልልታውን አቀለጠው። ሌሎቹ ተቀበሉት። እልልታና ጭብጨባ ሆነ።

"አንደኛ ማዕረግ!" ጮኸ አንዱ።

"ይሄ እኮ ጭን አይደለም፣ ሳሎን ነው!"

"ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ስሸከም ኖሬ" አለ ያረጀው ወንበር እያነባ፣ "ዛሬ ገና የማርፍበት አገኘሁ።"

ዕድሜዋን ሙሉ ስለ ስፋቷ ይቅርታ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ድንገት ሲጨበጨብላት ምን ይሰማታል? ደብሪቱ ደስ አላት። እውነቱ ይነገር ከተባለ ኮራ ብላ ነበር። አንገቷን ቀና አደረገች፣ ነጠላዋን ዘርጋ አድርጋ ተቀመጠች፣ ከዚያም በኩራቷ ላይ ቸርነት ጨምራ የማይባለውን አለች።

"ኑ፣ ቤት ለእንግዳ! ማን ይምጣ?"

ሰባት ወንበሮች በአንድ ጊዜ ዘለሉባት። ሁለቱ ቀኝ ጭኗ ላይ፣ ሁለቱ ግራው ላይ፣ አንዱ ጉልበቷ ጫፍ ላይ ወጡ፤ የቀሩት እነሱ ላይ ተደራረቡ። ወዲያው የድንበር ጠብ ተነሣ።

"ጉልበቷ የኔ ነው! ክርንህን ሰብስብ!"

"እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኩት! አባቴም እዚሁ ነው ተቀምጦ የኖረው!"

"ወግድ! አባትህ የባቡር ወንበር አልነበረም?"

ክርክሩ ሲከር ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ። ከመደርደሪያው ሦስት የቆዳ ሻንጣዎች እየተደጋገፉ ወረዱ። ሰብሳቢያቸው ዚፑ የተበላሸ፣ በሲባጎ የታሰረ፣ ብዙ አገር ያየ ሻንጣ ነው። ተቀመጡ፤ ግራ ቀኙን ሰሙ፤ ወጣ ብለው ተመካከሩ፤ ተመለሱ።

"ይህች ወይዘሮ ለሁላችሁም ትበቃለች" አለ ሰብሳቢው። "ስለዚህ የማንም የግል አይደለችም። ከዛሬ ጀምሮ የአውሮፕላኑ ወንበር እሷ ናት። ተከባብራችሁ ተቀመጡባት።"

"ይሁን" አሉ ወንበሮቹ፤ ተስማሙ፤ ይቅር ተባባሉ።

"እኔስ መቼ ነው የምወርደው?" አለች ደብሪቱ።

ሦስቱ ሻንጣዎች ተያዩ።

"መውረድ አለች?" ጠየቀ አንዱ።

"ወንበር ይወርዳል እንዴ?" አለ ሁለተኛው። "የሚወርድ ተሳፋሪ ነው። ወንበር ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳል።"

ደብሪቱ ኩራቷ እንደ ጉም በነነ። "ልጄ ልትወልድ ነው! ዘጠኝ ቀን ነው የቀራት! እኔን ነው የምትጠብቀው!" ብላ ጮኸች። ልትነሣ ሞከረች፤ ሰባት ወንበር ተጭኗት ምን ብላ ትነሣ? "ኧረ ተነሡልኝ!" ብትልም ማንም ንቅንቅ አላለም። አንዱማ ማንኮራፋት ጀምሯል።

ይሄኔ ካፒቴኑ ጭንቅላቱን አውጥቶ "ኪጋሊ መጣች!" አለ። አውሮፕላኑ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የመጣችው ከተማዋ ናት። ኪጋሊ ኮረብታዎቿን ቀሚሷን እንደምትሰበስብ ሴት ሰብስባ፣ ከነቤቶቿ ከነዛፎቿ በሜዳው ላይ እያለከለከች መጥታ መስኮቱ ሥር ቆመች። ከፊት ለፊት መቅደላዊት አለች። ያን ቬሎ ለብሳለች፤ ሆዷ ገፍቶ ቬሎው ጎንና ጎኑ ተተርትሯል።

"እማ! ውረጂ እንጂ!"

"መጣሁ ልጄ! መጣሁ!"

"መጣሁ ትያለሽ፣ ግን ተቀምጠሻል" አለች መቅደላዊት። ቆጣ አላለችም፤ ያ ነው የባሰው። "እንደ ሰርጉ ልትቀሪ ነው?"

ደብሪቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ደም ግፊት አልነበረም ልጄ" አለች። "ዋሽቼሻለሁ። ወንበር ፈርቼ ነው። አይበቃኝም፣ ሰው ፊት ያዋርዱኛል ብዬ ነው የቀረሁት።"

"አውቃለሁ እኮ፣ እማ" አለች መቅደላዊት። "ቬሎውን ስትልኪልኝ ሜትርሽ አብሮ ተጠቅልሎ መጥቶ ነበር። አንድ ሜትር ከሠላሳ ሁለት ላይ በእስክሪብቶ አሥር ጊዜ አስምረሽበታል።"

ደብሪቱ ገና እንባዋን ሳትጠርግ በሩ በኩል ኮቴ ተሰማ። ካፖርት የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ፣ ጥርስ የሌለው፣ አንድ ክንድ የማይሞላ ሰው ገባ። አይታው ባታውቅም አወቀችው። ገና ያልተወለደው የልጅ ልጇ ነው። እያነከሰ መጥቶ ፊቷ ቆመ፤ ወንበሮቹ ከቁመቱ ማጠር የተነሣ ልብም አላሉትም።

"እንደምን ዋልሽ፣ ልጄ ደብሪቱ" አላት በሽማግሌ ድምፅ።

"እግዜር ይመስገን፣ አባቴ" አለች፤ ሌላ ምን ይባላል?

"ከሩቅ ነው የመጣሁት፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ጠባብ ቦታ ላይ ተኮማትሬ። የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ትበቃኛለች።" ከዘራውን ወደ ጭኗ ጠቆም አደረገ። "ይሄ ቦታ ተይዟል?"

ደብሪቱ ጭኗን አየች። ሰባት ወንበር እርስ በርሱ ተቃቅፎ ተኝቶበታል። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ተቆጥታ አታውቅም። ቁጣው ከእግሯ ጥፍር ተነሥቶ አናቷ ላይ ወጣ።

"ኖር!" ብላ ጮኸች። "ኖር በሉ እንጂ! ሽማግሌ ቆሞ እናንተ ትቀመጣላችሁ? የሚያሳድጋችሁ አጣችሁ?"

ወንበሮቹ ከእንቅልፋቸው ደንብረው ነቁ። አዩት። አፈሩ። ሰባቱም ብድግ አሉ፤ ከኋላ ያሉትም ብድግ አሉ፤ አንድ መቶ ስልሳው ወንበር ተነሥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ፤ ከሥር የነበረው ሕዝብ "እፎይ!" ያለው እፎይታ መጋረጃውን አውለበለበው። አቶ ድልነሳው ቀስ ብለው ተዘረጉ። የደብሪቱ ጭን ባዶ ሆነ፤ ሰፊ፣ ሞቃት፣ ለጥ ያለ ጭን።

"በእግዜር" አለ ትንሹ ሰው። ከዘራውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ በነጠላዋ ጫፍ እየተንጠላጠለ መውጣት ጀመረ። "አቤት ስፋቱ!" አለ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ። "እዚህ እኮ ሰው እየተንከባለለ ማደግ ይችላል።" ደብሪቱ ሁለት እጇን ዘርግታ ልታቅፈው ጎንበስ ስትል አንድ እጅ ትከሻዋን ያዛት።

"እናቴ! እናቴ፣ ይንቁ።"

ሆስተሷ ናት፤ የእውነቷ። ነጠላው ተንሸራቶ ጉልበቷ ላይ ወርዷል። ያልተገናኙት ሁለት የቀበቶ ጫፎች ግራና ቀኝ ተጋድመው ይታያሉ። አቶ ድልነሳው ባርኔጣቸውን አንሥተው እያዩ ነው። ደብሪቱ አለቀልኝ አለች በልቧ።

"አልዘጋ ብሎኝ ነው" አለች። "እባክሽ ልጄ፣ አታውርጂኝ። ልጄ ልትወልድ ነው።"

ሆስተሷ መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ አለችና ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ማንም እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ምንም አይደለም እናቴ። ከእርስዎ በፊት እዚህ ሕፃን ልጅ ነበር የተቀመጠው። ለሱ አሳጥረውት ነው።"

ዘለበቱን ቀና አድርጋ ማሰሪያውን ሳበችው። መጣ። ሳበችው። አሁንም መጣ። ሁለቱን ጫፎች አገናኘቻቸው፤ ቀጭ አለ። ልጅቷ ነጠላውን መልሳ አለበሰቻትና ወደ ሌላው ወንበር አለፈች።

ደብሪቱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዘለበት ስትሰፋ፣ ስታጠብቅ፣ ስታላላ የኖረች ሴት ናት፤ የስንቷን ሙሽራ ወገብ በዘለበት አስተካክላለች። ይሄኛውን መሳብ እንደሚቻል ግን አንድ ጊዜ እንኳ በሐሳቧ አልመጣም። ለዚህ ነው እንግዲህ የልጇ ሰርግ ያመለጣት። መጀመሪያ እንባዋ መጣ፣ ከዚያ ሳቋ፤ ወንበሩን እያነቃነቀች እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። አቶ ድልነሳው ምን እንዳሳቃት ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ክርኖቿን ከደረቷ ላይ አወረደቻቸው። አንደኛው የሽማግሌውን ክርን ነካው፤ እሳቸውም ክርናቸውን አልሰበሰቡም።

አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀመረ። "መጣሁልሽ" አለች ለራሷ፣ ቀስ ብላ። ሆስተሷ ልትቀመጥ ወደ ፊት ስትመለስ የመጨረሻውን ጊዜ የሰዉን ወገብ እያየች ነበር፤ ደብሪቱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

"እናቴ፣ ትንሽ ያጥብቁት እንጂ" አለቻት፣ "ሰፍቶብዎታል።"